የቀዩ ሥር ዕድሜ

መስከረም 21

ለወንድሜ ለኮረት፣

እንዴት ከረምክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የምትተኛበት ክፍል ብርድስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም በየእግራችን ቆመናል። አባባ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ አፉ እንደ ድሮው ነው። የሄድክበትን ጨርሰህ፣ በሰላም ተመልሰህ ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

ስልክ ያልደወልኩልህ ጨክኜ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ተራራው ተንቀጠቀጠና ታች ከተማ ድረስ የሚሄደው የስልክ መስመር ከመንገዱ ጋር አብሮ ተንዶ ወረደ። አውቶቡሱ ራሱ አሁን በዙሪያ ጥምጥም ነው የሚመጣው። ይኼንንም ደብዳቤ ፖስታ ቤት እንዲያስገባልኝ ለሹፌሩ ነው የምሰጠው።

መንቀጥቀጡን ስነግርህ እንዳትደነግጥ። መጀመሪያ ድንጋይ የጫነ ከባድ መኪና የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። አራተኛ ክፍሎች ሒሳብ ላይ ናቸው፣ እኔ ቢሮዬ ሆኜ የመምህራኑን የሥራ ድልድል እጽፋለሁ። ማኅተሙ ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወደቀ፤ ላነሳው ጎንበስ ስል መስኮቱ ተሰነጠቀ። ልጆቹን ሜዳ ላይ አወጣናቸው። ማንም አልተጎዳም፤ አንዷ ሕፃን ብቻ ጫማዬ ክፍል ውስጥ ቀረ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ መሬቱ አልፎ አልፎ ይንዘፈዘፋል። ድንጋይ ከሚወጣበት ካባ ሥር ያለው ምንጭም ሞቅ ብሏል። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር፤ አሁን እጃቸውን ለመንከር ይፈራሉ።

እዚህ እኛ ላይ ሰፈር ወሬው ሌላ ሆኗል። ተራራው እሳት ሊተፋ ነው እያሉ ፍራሽና ድስት ጭነው የሚወርዱ አሉ። አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይስቅባቸዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ሆዱን ስቆፍር ኖሬ ድንጋይ እንጂ እሳት አላየሁም ይላቸዋል። የካባ ሠራተኛ የነበረ ሰው እንዲህ ሲል የሚያምነው አለ፣ የማያምነውም አለ።

አንተ ባለፈው ስትመጣ ከካባው ድንጋይ ለቅመህ ይዘህ ሄደሃል። ግራጫውንም፣ ሠራተኞቹ "ቀዩ ሥር" የሚሉትን፣ ግራጫውን እየሰነጠቀ የሚያልፈውንም። ዕድሜያቸውን እለካለሁ ብለህ ነበር። ለካህ? እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ተራራው ሞቷል ወይስ ተኝቷል? ትምህርት ቤቱን ልዝጋ ወይስ ላስተምር? አባባን ይዤ ልውረድ ወይስ ልቀመጥ? ወላጆቹ እኔን ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ ካንተ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 9

ለምወድሽ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱም አልገደለኝም፣ ምግቡም አልተስማማኝም፣ ሥራው ግን እንደምንም ይገፋል። አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ላንቺም ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልሽ።

ደብዳቤሽን መተላለፊያው ላይ ቆሜ አነበብኩትና ካፖርቴን ሳላወልቅ ወደ መለኪያው ክፍል ወረድኩ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ማሽኑ እንደ አሮጌ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ይውላል። የእናንተ ተራራ እዚያ በትንንሽ ብልቃጦች ተሰልፎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ቀለል አድርጌ ላስረዳሽ። ከመሬት በታች የቀለጠ አለት አለ። አንዳንዱ ወጥቶ ይፈስሳል። አንዳንዱ ግን ላይ ሳይደርስ ሌላውን ድንጋይ እየሰነጠቀ ይገባና እዚያው ውስጥ ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ይቀራል። ሰርጎ ገብ አለት እንለዋለን። ለአባባ ስሙን እንዳትነግሪው፤ ድንጋዩን ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጠዋል። የተራራው ግራጫ ድንጋይ እንዲህ የገባ ግራናይት ነው። ቀዩ ሥርም የዚያው ዘመድ ነው፤ ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን በዝቶበት ቀላ፣ ጥቋቁር ነጠብጣብም አለበት።

ጥያቄው መቼ ገባ የሚለው ነው። ለዚህ ድንጋዩን እንፈጨውና ዚርኮን የሚባል ከስኳር ቅንጣት ያነሰ ማዕድን እንለቅማለን። ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየም ይዞ ይፈጠራል። ዩራኒየሙ ደግሞ በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው። እርሳሱ በበዛ ቁጥር ድንጋዩ አርጅቷል ማለት ነው።

እንግዲህ መልሱ ይኸው። ግራጫው ከአምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀዩ ሥርም እንደዚያው። ሁለቱም ያረጁ፣ ከቀዘቀዙ ዘመን የቆጠሩ ድንጋዮች ናቸው። መንቀጥቀጡ ተራራው ውስጥ ያለ የቆየ ስንጥቅ ትንሽ ተንሸራቶ ይሆናል፤ ስንጥቁ ሲከፈት ከጥልቅ የሚመጣ ውኃ ምንጩን ቢያሞቀው አይገርምም። የትምህርት ቤቱን ግድግዳ አስፈትሺና አስተምሪ። አባባም በበረንዳው ይቀመጥ።

አለቃዬ ሁለተኛውን ዙር እስክንለካ ድረስ ለማንም እንዳልናገር ነግራኛለች። አንቺን ግን ከ"ማንም" ውስጥ አልቆጥርሽም። ተኝተሽ እደሪ።

ወንድምሽ ኮረት


ጥቅምት 30

ለወንድሜ ለኮረት፣

ምነው ክንፍ ኖሮኝ መጥቼ ባቀፍኩህ። ሰላም ነህ ወይ? እኛ ካንተ ደብዳቤ ወዲህ ሰላም ነን። ያሰብከው ሁሉ ይቃናልህ፣ እጅህ የነካው ይባረክልህ።

ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት የወላጆች ስብሰባ ነበረን። ሰዉ አዳራሹን ሞልቶ፣ ትርፉ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፍ አፌን ያያል። ምን ልበላቸው? አወጣሁና አነበብኩላቸው። ሰርጎ ገቡን ዘለልኩት፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አምስት መቶ ሚሊዮን ስል አንዱ ሽማግሌ "እሱ ከኛም በላይ አርጅቷል እንዴ?" አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስንት ጊዜ ሳንስቅ ሰንብተን ነበር መሰለህ።

በማግስቱ የወረዱት መመለስ ጀመሩ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የምትሠራው ልብስ ሰፊ ልጆቿንና የስፌት መኪናዋን በጋሪ ጭና መጣች። የካባው ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤውን ተውሶኝ ቅጂ አወጣና ዘበኛውን ካባው በር ላይ አስለጠፈው። ሠራተኞቹም ገቡ። አባባ ዋናውን ደረት ኪሱ ከትቶ ይዞራል። ላገኘው ሰው ሁሉ "ልጄ ለክቶታል" ይላል፤ ምን እንደለካህ የሚጠይቀው ሲያገኝ ደግሞ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

ይኼን ሁሉ ያነሳሁት ደስ እንዲልህ ነው። ሁለት ትንንሽ ነገሮች ብቻ አሉ። ምንጩ መሞቁን አልተወም፤ እንዲያውም ብሷል። ደግሞ ከካባው ግርጌ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ሦስት የመንደር ውሾች አንድ ላይ ሞተው ተገኙ። ቁስልም የላቸው። ሥራ አስኪያጁ መርዝ በልተው ነው ብሏል። እንደሱም ሊሆን ይችላል። ብቻ ልንገርህ ብዬ ነው።

የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ማኅተም ያለው ወረቀት ይምጣልን ይላል። የተቋምህን ማኅተም የያዘ አንድ ገጽ ላክልኝ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይከራከረኝም።

እህትህ


ኅዳር 24

ለኮረት፣

ሰላም ነህ? አሞህ ነው? ወይስ ደብዳቤዬ አልደረሰህም?

አውቶቡሱ በመጣ ቁጥር ሹፌሩ ገና ሳልጠይቀው ራሱን ይነቀንቅልኛል። አባባ "ሥራ በዝቶበት ነው" ይላል፤ ግን እሱም በረንዳው ላይ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙሮታል።

አንተ ጥሩ ነገር ሲሆን ለመንገር አትዘገይም። ማኅተሙ ይቅር። ቃልህን ብቻ ላክልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር በይኝ። ልጆቹን አስወጪ። አባባን አስወጪ። አንቺም ውጪ። ይኼን ካደረግሽ በኋላ ቀሪውን አንብቢው።

ተሳስቻለሁ። እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገርሽ፤ ስትነግሪያቸው እንዳትቸገሪ ነው።

ቀዩን ሥር ስለካ የዚርኮኑን ቅንጣት መሐሉን ነበር የለካሁት። ቅንጣቱን የምንበሳበትን ሌዘር መሐሉ ላይ ማነጣጠር ይቀላል። አለቃዬ የቅንጣቶቹን የማጉያ ሥዕሎች ስታገላብጥ አንዱ ላይ ቆም አለችና "ይኼ ዳሩ ላይ ያለው ቀጭን ሽፋን ምንድነው?" አለችኝ። ለመለካት በጣም ስስ ነው አልኳት። "ስስ ነው፣ ግን አለ" አለችኝ።

ለካሁት። እርሳስ የለውም ማለት ይቻላል። ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝና አጽድቼ ደገምኩት። ያው ነው። ቀዩ ሥር የገባው በእኛ አቆጣጠር ትናንት ነው፤ ጥቂት ሺህ ዓመት ቢሆነው ነው። ለተራራ ይኼ ምንም አይደለም።

ሰው አሮጌ ቤት አፍርሶ በድንጋዩ አዲስ ቤት ቢሠራ፣ ድንጋዩን እያየሽ ቤቱ አሮጌ ነው ልትይ ትችያለሽ። እኔ የሠራሁት ይኼንኑ ነው። አዲሱ ቅልጥ አለት ሽቅብ ሲመጣ ከግራጫው አሮጌ ዚርኮን ጠርጎ ይዞ መጣ፤ በአሮጌው ላይ አዲስ ሽፋን ለበጠበት። መሐሉ የግራጫው ዕድሜ ነው፣ ዳሩ የራሱ። ጥቋቁሮቹ ነጠብጣቦችም ሌላ፣ የበለጠ የጋለ ቅልጥ ከታች መጥቶ የተቀላቀለበት ምልክት ናቸው። ማየት ነበረብኝ። አይቼም ነበር፣ ልብ አላልኩትም እንጂ።

ድንጋዩ ወጣት መሆኑ ብቻውን ተራራው ነገ ይፈነዳል አያሰኝም። ግን መንቀጥቀጡ አለ፣ ምንጩ እየጋለ ነው። ውሾቹን መርዝ አልገደላቸውም፤ ከመሬት የሚወጣ ከአየር የከበደ ጋዝ ጎድጓዳው ውስጥ ተኝቶ ነው የገደላቸው። እነዚህ ሦስት ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ ቅልጡ ዳግም ሽቅብ እየመጣ ነው ማለት ነው።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። ይኼን ካወቅኩ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ሦስተኛው ልኬት ያድነኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላዳነኝም። ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ አነበብኩት ያልሽው ደብዳቤ መጣ። አባባ ደረት ኪሱ ከትቶ ይዞራል የምትይበትን ቦታ ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በመጨረሻ ለአለቃዬ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

"ለስንት ሰው ነገርክ?" አለችኝ።

"ለአንዲት እህቴ። እሷ ግን ለሰፈሩ ሁሉ።"

"እንግዲያው ለሰፈሩ ሁሉ መልሰህ ንገር።"

ዛሬ እሷ አጠገቤ ቆማ እናንተ ዘንድ ላለው የከርሰ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ስልክ ደወልን። ሰው እንልካለን ብለዋል። እነሱን ግን አትጠብቂ። ይኼንንም ደብዳቤ እንደዚያኛው አንብቢላቸው። ተሳስቻለሁ የሚለውን እንዳትዘልዪው።

ኮረት


ታኅሣሥ 19

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንደምን ነህ ለማለት አቅም አጣሁ፤ ቢሆንም እንደምን ነህ? ፈጣሪ እዚያ ብቻህን ካለህበት ይጠብቅህ።

ሳነበው ቢሮዬ ነበርኩ። ተነስቼ በሩን ቆለፍኩ። ተናድጄ ነበር፤ ልዋሽህ አልችልም። በመሳሳትህ አይደለም። እያወቅክ ዝም ባልክባቸው ቀናት እኔ እዚህ ልጆቹን በሰልፍ አስገባ ነበር። አሁን ይኼን ተናግሬዋለሁና ደግሜ አላነሳብህም።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹን አስከፈትኩ። እንዳልከኝ አነበብኩት፣ ምንም አልዘለልኩም። ተሳስቻለሁ የምትለው ላይ ስደርስ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ጨርሼ ቀና ስል ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። በመጀመሪያው ደብዳቤ ልጆቿን መልሳ ያመጣች እሷ ነች። ድምፅዋን ሳታነሳ "እትዬ ዳይሬክተር፣ የቱን ደብዳቤ እንመን?" አለችኝ።

"ሁለተኛውን" አልኳት። "ይኼኛው ተሳስቶ ከሆነ ድንኳን ውስጥ ሰንብተን እንመለሳለን። የመጀመሪያው ተሳስቶ ከሆነ ግን የምንመለስበት የለም።"

የሰደበኝ አለ። ወንድሟ ሲያሻው ያስተኛናል ሲያሻው ያባንነናል ያለም አለ። ግን ወረዱ። በሁለት ቀን ውስጥ ላይ ሰፈር ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል። ታች ከተማ የእህል መጋዘኑን ከፈቱልን፣ ለተረፈው ሰው ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ትምህርቱን ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ጥላ ሥር ቀጥለናል። ጥቁር ሰሌዳውን ሁለት መምህራን በራሳቸው ተሸክመው ነው ያወረዱት።

ከመሥሪያ ቤቱም ሁለት ሰዎች መጡ። ውሾቹ የሞቱበት ጎድጓዳ ውስጥ አንድ የጋዝ መለኪያ በገመድ አወረዱና ቁጥሩን እያዩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በዚያው ዕለት ካባው እንዲዘጋ አዘዙ። ሥራ አስኪያጁ ዳይሬክተሯ ያወራችው በሬ ወለደ ነው እያለ ቢፎክርም ሠራተኞቹ አልሰሙትም። መሣሪያዬ ይሰረቃል ብሎ ዘበኛውን ብቻ እዚያው አስቀርቶታል።

አባባ አልወረደም።

ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁ። ግግም ብሏል። ደብዳቤህን ሳነብለት እስከ መጨረሻው ሰማኝና ኪሱ ያለውን አውጥቶ ዘረጋው። "ይኼን የጻፈው ልጄ ነው" አለኝ። "ያንን የጻፈው ፍርሃቱ ነው። አገር ለአገር ሲንከራተት በወሬያችሁ ልጁን አስበረገጋችሁት።" ጎረቤቶቹ ሲወርዱ በረንዳው ላይ ሆኖ እጁን ያውለበልብላቸዋል፤ ሽርሽር የሚሸኝ ነው የሚመስለው።

እኔ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ጻፍለት። ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። ከበፊቱ ጠንከር ያለ መንቀጥቀጥ ትናንት ነበር፣ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ወድቋል፤ እቃዎቹን እየለቀምን ነው። ቶሎ በል።

እህትህ


ታኅሣሥ 29

ለተከበሩ አባቴ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ጉልበትዎንና እጅዎን ከሩቅ እስማለሁ። ለእርስዎ ብቻ ብዬ ስጽፍ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሁልጊዜ በእትዬ ደብዳቤ ጫፍ ላይ ሰላም በይልኝ እያልኩ ነው ያደግኩት።

አባባ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ስሕተት ነው። ሰው ሳያስፈራራኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የምነግርዎ ነው። እንደቸኮልኩ ለካሁ፣ ደስ የሚል መልስ ሳገኝ ደግሞ ሳላጣራ ላክሁ። እንዲያርፉልኝ ፈልጌ ነበር። የደብዳቤው ፊደል የእኔ ነው፣ ቁጥሩ ግን የቀዩ ሥር አይደለም፤ የግራጫው ነው።

እርስዎ ተራራውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን እርስዎ የቆፈሩት የቀዘቀዘውን ነው። ከሥሩ ያለውን እርስዎም አላዩት፣ እኔም አላየሁት። እኔ ያየሁት ከእሱ የወጣ አንድ ፍንጣሪ ነው። ያ ፍንጣሪ ያስፈራኛል፤ ፈርቻለሁ ማለት አላሳፈረኝም።

ሌላም ነገር አለ። እትዬ ልጆቹ ወርደዋል፣ ጎረቤት ወርዷል፣ ሰሌዳው ወርዷል ብላ ሁሉንም ጻፈችልኝ። እሷ የት እንደምታድር ግን አልጻፈችም። ደብዳቤዋን ደጋግሜ ሳነበው መጨረሻው ላይ የወደቀውን እቃ "እየለቀምን ነው" የምትል ቃል አገኘሁ። እርስዎ ስላልወረዱ እሷም አልወረደችም። ቀን ታች ታስተምራለች፣ ማታ ወደ እርስዎ ትመለሳለች። ለምን እንደምትመለስ አንድም ቀን ነግራዎት ታውቃለች? አትነግርዎትም።

አባባ፣ ለእኔ ብለው መቀመጥዎን አውቃለሁ። ልጄ አይሳሳትም ማለትዎ ነው። ተሳስቻለሁ። እባክዎን ይዘዋት ይውረዱ።

ልጅዎ


ጥር 24

ለወንድሜ ለኮረት፣

በሕይወት አለን። ይኼን ቃል ለመጻፍ ያበቃን ይመስገን። አንተስ? ወሬውን ሰምተህ ስትጨነቅ እንደከረምክ አውቃለሁ። መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡስ ስላልመጣ ነው የዘገየሁት። አሁን ከድንኳን ውስጥ ነው የምጽፍልህ፤ ወረቀቱ ላይ የምታየው ግራጫ ነገር አመድ ነው፣ ብናራግፈውም አያልቅም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወዲያው ወደ ላይ ሰፈር ወጣሁ። አባባ በረንዳው ላይ ነው። ላንተ ነው ብዬ ስሰጠው ፖስታውን አገላብጦ አየና ዓይኔ ደክሟል አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት። እኔን የሚመለከተው ቦታ ላይ ስደርስ ልዘለው አስቤ ነበር፣ ግን አነበብኩት።

ተሳስቻለሁ ያለበትን ድገሚልኝ አለ። ደገምኩለት።

"ይኼ ልጅ እኮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም" አለኝ። "ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን የሰበረ ጊዜ እንኳ ጥፋቱን ለቆርቆሮው ነው የሰጠው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ እዚህ የምታድሪው ለእኔ ብለሽ ነው?"

"ታዲያ ለማን ብዬ?"

ገብቶ ኮቱን ለበሰ፣ የእናታችንን ፎቶ ከግድግዳው አወረደ፣ በሩን ቆለፈ። ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቱ እያስቸገረው ትከሻዬን ይዞ ነው የወረደው፤ አንዴም ወደ ኋላ አላየም። እኔ ነኝ የማየው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ምንም አልሆነም። ይኼን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ምንም የማይሆንበት ቀን ከሁሉ ይከብዳል። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ በጎቹን ሊያይ፣ ሌላዋ ያስቀመጠችውን ዱቄት ልታመጣ እያሉ መውጣት ፈለጉ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት ሰዎች መንገዱ ላይ ቆመው ይመልሳሉ። እኔ ራሴ ሌሊት እነቃና ባይፈነዳስ ብዬ እጨነቃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በማሰቤ እደነግጣለሁ።

ማክሰኞ ልጆቹ ከምሳ ተመልሰው ንባብ ይዘናል። ድምፁን ከጆሮዬ በፊት እግሬ ነው የሰማው። ቀና ስል የካባው ጎን ተከፍቶ ግራጫ ጢስ ሰማይ ላይ ቆሟል። አይንቀሳቀስም፤ ብቻ ይወፍራል። ልጆቹ አልጮሁም። መጋዘን ውስጥ አስገባናቸው። አመዱ መዝነብ ሲጀምር ቀኑ ጨለመ፣ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር ያንኳኳል። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ እየቀደደች በውኃ እያራሰች ለእያንዳንዱ ልጅ አፍና አፍንጫ ታስር ነበር፤ ጨርቁ ሲያልቅ የደንበኞቿን ያልተሰፋ ልብስ ቀደደችው።

ላይ ሰፈር የለም። ትምህርት ቤቱ ጣራው ወርዷል። የእኛ ቤት በበረንዳው በኩል ድንጋይ ወድቆበት ግማሹ ጠፍቷል። ጢሱ ሲቀንስ በተከፈተው በኩል የጋለ ድንጋይ ቀስ እያለ ብቅ ሲል አየነው፤ አይፈስስም፣ ቁልል ሆኖ ያድጋል። አንተ የነገርከኝ ሳይወጣ የሚቀረው ነበር፤ ይኼኛው ወጣ።

አንድ ነገር ልደብቅህ አልፈልግም። የካባው ዘበኛ አልተገኘም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በዋዜማው አውርደውት ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ደመወዝ የምከፍልህ ተኝተህ እንድታድር አይደለም ብሎ ማለዳ በጓሮ መንገድ መልሶ ልኮታል። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ቅጂ እስከ መጨረሻው ካባው በር ላይ ነበር። አንዱ ሠራተኛ እንደነገረኝ ዘበኛው ሲወጣ ፈራህ ወይ ብለውት ድንጋዩ አሮጌ ነው ብሎ መለሰ። ባንተ የተነሳ ነው አልልህም። ባንተ የተነሳ አይደለም ብዬም ልምልልህ አልችልም። ሚስቱ ከእኛ ድንኳን ቀጥላ ነው ያለችው፤ ማታ ማታ ልጇን ይዛ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። ጻፍላት። ምን ብለህ እንደምትጽፍላት አላውቅም፤ ግን ለእኔ ምንም የምትልከው ነገር አያስፈልገኝም፣ እሱን ብቻ ላክ።

አባባ ደህና ነው። ያ ኪሱ የነበረው ደብዳቤ የት እንደገባ አልጠየቅኩትም። ዛሬ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ አንዱ ከአዲሱ ቁልል ጫፍ የሰበረውን ድንጋይ ላንተ እንዲላክ ብሎ አመጣልኝ። አባባ ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው፣ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው።

"ይኼኛውን ለመለካት እንዳይደክም ጻፊለት" አለኝ። "ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው የተወለደው።"

እኔም ሳቅኩ፣ እሱም መሳቅ ጀመረ። ወዲያው የዘበኛውን ሚስት በድንኳኑ በር ቆማ አያትና ድንጋዩን ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

እህትህ